የተማሪ ኩረጃ ሲያጋጥም፦ ከጥርጣሬ እስከ ውሳኔ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ የኩረጃ ጉዳዮች የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርበው የሚወድቁት ተማሪው ንጹሕ ስለሆነ አይደለም። መምህሩ ማስረጃ ሳይዝ ስለተጋፈጠው፣ ፈተና ላይ የተገኘችው ብጣሽ ወረቀት ከማን እጅ እንደተወሰደች የሚመሰክር ስለጠፋ፣ ወይም ቅጣቱ ክሱን ስለቀደመ ነው። ንጹሕ ተማሪ የሚቀጣውም በዚሁ ችኮላ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጉዳይ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ይግባኝ እንደሚባልበት አድርገው ይያዙት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ደንቡን ከጉዳዩ በፊት ያንብቡ

የተቋምዎን የዲሲፕሊን ደንብ ሴሚስተሩ ሳይጀመር አውጥተው አራት ነገር ይፈልጉበት፦ ጥፋቱ እንዴት እንደተተረጎመ፣ ለማን በስንት ቀን ውስጥ ሪፖርት እንደሚደረግ፣ ቅጣት የመስጠት ሥልጣን የማን እንደሆነ፣ ማስረጃውም ምን ያህል መጠንከር እንዳለበት። በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ የሚታየው እንደ ወንጀል ክስ ከጥርጣሬ በጸዳ ማስረጃ ሳይሆን፣ ካለመፈጸሙ ይልቅ መፈጸሙ ያመዝናል በሚለው ሚዛን ነው። ይህ ማለት ግን በግምት መቅጣት ይቻላል ማለት አይደለም። መባረር ሊያስከትል የሚችል ክስ ሲሆን ኮሚቴው የሚጠብቀው ማስረጃም ይከብዳል።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ብዙ መምህራን ይሳሳታሉ። በበርካታ ተቋማት መምህሩ በኩረጃ ምክንያት በራሱ ውሳኔ ዜሮ መስጠት አይችልም፤ ማድረግ የሚችለው ሪፖርት ማቅረብ ብቻ ነው። ነገሩን በዝምታ በዜሮ መጨረስ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ተማሪው አቤት ሲል መዝገብ የለም፣ የተማሪው መልስ አልተሰማም፣ ውሳኔውም ይሻራል። በሌላ ኮርስ ደግሞ ያንኑ ቢደግም ሁልጊዜ «የመጀመሪያ ጥፋት» ሆኖ ይቆጠርለታል።

ፈተና አዳራሽ ውስጥ

ግማሹ ሥራ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ያልቃል። ተማሪዎች በምርጫቸው ሳይሆን በስም ዝርዝር ይቀመጡ፤ የአቀማመጡ ሰሌዳ ከፈተናው ወረቀቶች ጋር ይቀመጥ። ያ ሰሌዳ ከሌለ በኋላ «ከጎኔ የተቀመጠው እሱ አይደለም» ለሚል ተማሪ መልስ የለዎትም። ፈተናው ምርጫ ከሆነ ሁለት ኮድ ያዘጋጁ፤ የጥያቄውን ቅደም ተከተል ብቻ ሳይሆን የምርጫዎቹንም ፊደል ያፋልሱ። ስልክና ስማርት ሰዓት ተዘግተው ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው ከፊት። ይህንን ጮክ ብለው ማሳሰብዎን፣ በስንት ሰዓት እንዳሳሰቡም ይጻፉ።

አንድ ተማሪ ሲኮርጅ ካዩ፣ ወረቀቱን ነጥቀው ከአዳራሹ አያስወጡት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በኋላ ነጻ ቢባል የተወሰደበትን ሰዓት ማንም ሊመልስለት አይችልም፣ ፈተናውም በሙሉ ይፈርሳል። ይልቁንስ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦

1. ወደ ተማሪው ከመቅረብዎ በፊት ሁለተኛውን ተቆጣጣሪ በዓይን ጠርተው እሱም እንዲያይ ያድርጉ። በአንድ ሰው ምስክርነት የቆመ ጉዳይ ደካማ ነው።
2. ሰዓቱን ይመዝግቡ።
3. አጤሬራ ወይም ሌላ የተከለከለ ነገር ካለ እንዲያስረክብ በዝግታ ይጠይቁ። ልብስና ኪስ አይፈትሹ። አላስረክብም ካለ እምቢታውን ከነቃሉ ይጻፉ፤ እሱም ራሱ ማስረጃ ነው።
4. የመልስ ወረቀቱ ላይ ተማሪው በደረሰበት ቦታ መስመር ያስምሩ፤ ሰዓቱ ተጽፎ ሁለቱም ተቆጣጣሪዎች ይፈርሙበት። ከዚያ ቦታ ቀይረው ፈተናውን እስከ መጨረሻው እንዲቀጥል ያድርጉ።
5. የተያዘውን ነገር ፖስታ ውስጥ ያሽጉ። በፖስታው ላይ የተማሪው ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ የኮርሱ ኮድ፣ ሰዓቱና የሁለቱ ተቆጣጣሪዎች ፊርማ ይስፈር።

መስመሩ የሚሰመረው ለወጉ አይደለም። ከመስመሩ በላይ ያለው መልስ ከአጤሬራው ጋር ቃል በቃል ከተመሳሰለ፣ ከመስመሩ በታች ያለው ደግሞ ባዶ ወይም የተምታታ ከሆነ፣ ኮሚቴው ያለ ብዙ ክርክር ይረዳዋል።

ስልክ ሲያዝ ውስጡን ከፍቶ መልእክት ማንበብ የሚፈታተን ነገር ነው፤ አያድርጉት። አብዛኞቹ ደንቦች ስልኩን ይዞ መገኘቱን ብቻ ጥፋት ስለሚያደርጉት ይዘቱ አያስፈልግዎትም፤ ያለፈቃድ መክፈቱ ግን በእርስዎ ላይ ክስ ሊያመጣ ይችላል።

በሌላ ሰው ስም ሊፈተን የመጣ ከጠረጠሩ የመታወቂያውን ፎቶ ከፊቱ፣ የመገኛ ፊርማውን ከቀድሞ ፊርማው ጋር ያስተያዩ፤ መታወቂያውን ያቆዩና ፈተናውን ይጨርስ። የእጅ ጽሑፉ ወረቀቱ ላይ መቅረቱ ይጠቅማል።

ሪፖርቱን በዚያው ቀን ይጻፉ። ያዩትን እንጂ የደመደሙትን አይጻፉ። «ሲኮርጅ ነበር» የሚለው ድምዳሜ ነው። «ከ4፡10 እስከ 4፡25 ባለው ጊዜ አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ የጎረቤቱን የመልስ ወረቀት 3 ጊዜ አየ፤ እያንዳንዱን ጊዜ ካየ በኋላ የራሱ ወረቀት ላይ ጻፈ» የሚለው ግን ምስክርነት ነው።

ተመሳሳይ መልስ፦ ስሕተቱን ይቁጠሩ

ሁለት ጎበዝ ተማሪዎች 35 ጥያቄ አንድ ዓይነት ቢመልሱ ምንም አይገርምም፤ ትክክለኛው መልስ አንድ ነውና። የሚናገረው ስሕተቱ ነው። 40 ጥያቄ፣ እያንዳንዱም 4 ምርጫ ያለው ፈተና እንውሰድ። ሁለቱም የሳቷቸው ጥያቄዎች 12 ቢሆኑና በ12ቱም ያንኑ የተሳሳተ ፊደል ቢመርጡ፣ ሦስቱ የተሳሳቱ ምርጫዎች እኩል የሚስቡ ቢሆኑ ኖሮ ይህ በአጋጣሚ የሚሆንበት ዕድል ከ531,441 አንድ ነው።

ነገር ግን ምርጫዎች እኩል አይስቡም። ክፍሉ በሙሉ «ሐ» ብሎ የሳተበት ጥያቄ ካለ፣ ሁለቱም «ሐ» ማለታቸው ምንም አያሳይም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው ያንን የተሳሳተ ምርጫ እንደመረጠ ያውጡ፤ ጥቂት ሰው ብቻ የወደቀባቸውን ስሕተቶች ለይተው ክብደት ይስጧቸው። ከዚያ የአቀማመጥ ሰሌዳውን ይክፈቱ። ጎን ለጎን ካልተቀመጡና ሌላ የሚያገናኛቸው ነገር ከሌለ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ማስታወሻ ተካፍለው አንብበው ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው አንደኛው የ«ሀ» ኮድ ፈተና ይዞ ለጎረቤቱ የ«ለ» ኮድ ትክክል የሆነውን የፊደል ሰንሰለት ከጻፈ፣ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

በጽሑፍ ፈተናም መርሁ ያው ነው። የጋራ የስሌት ስሕተት፣ የጋራ የተሳሳተ ስም፣ ጥያቄው ያልጠየቀውን ነገር በጋራ መመለስ ይፈለጋል።

አሳይመንትና የጥናት ጽሑፍ

ተርኒቲንን የመሰለ ጽሑፍን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር የሚያስተያይ ሶፍትዌር የሚሰጠው የመመሳሰል መቶኛ የስርቆት መቶኛ አይደለም። ሶፍትዌሩ የሚለው «ይህ ቃል ሌላ ቦታም አለ» ብቻ ነው። ስለዚህ 35 በመቶ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ 8 በመቶው ደግሞ ከአንድ ምንጭ የተገለበጠ ሙሉ ገጽ ሊሆን ይችላል። «ከ20 በመቶ በላይ ይወድቃል» የሚል የክፍል ሕግ የሚያስተምረው ቃላት እየቀያየሩ ቁጥሩን ማውረድን ነው።

ሪፖርቱን ሲከፍቱ በመጀመሪያ የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝሩንና በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለውን ከቆጠራው ያስወጡ። የቀረውን አንድ በአንድ ከፍተው ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ሳይቋረጥ የሚሄድ ረጅም ተመሳሳይነት፣ ከአንድ ምንጭ ብቻ የመጣ ክምችት፣ ምንጩ ያልተጠቀሰ ትንታኔ ወይም መደምደሚያ። የዘዴ ክፍል ውስጥ ያሉ የተለመዱ ሐረጎች፣ የመጠይቅ ቅጽና የተማሪው የራሱ ቀድሞ የገባ ረቂቅ በብዛት ቁጥሩን ያሳብጣሉ።

0 በመቶም ራሱ መታየት አለበት። ፊደላት በሚመስሏቸው የሌላ ቋንቋ ፊደላት ሲተኩ ወይም ጽሑፉ ሥዕል ሆኖ ሲለጠፍ ሶፍትዌሩ የሚያነበው ነገር ያጣል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ፋይሉ ውስጥ በዓይንዎ የሚያዩትን አንድ ቃል በፍለጋ ይፈልጉት። ቃሉ እያለ ፍለጋው ካላገኘው ፊደሉ ተቀይሯል ወይም ጽሑፉ ሥዕል ነው። በአማርኛ የተጻፈ ሥራ ላይ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ አለ፦ ሰ በሠ፣ ሀ በሐ ወይም በኀ፣ አ በዐ፣ ጸ በፀ ሲለወጥ ለአንባቢ ያው ቃል ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ነው። አንድ ሰነድ ውስጥ አንድ ቃል በአንዱ አንቀጽ «ሥራ» በሌላው «ስራ» ሆኖ ከተጻፈ፣ ወይ ከሁለት ቦታ የተለቀመ ነው ወይ ተማሪው ለፊደል አይጠነቀቅም። ሁለተኛው በጣም የተለመደ ስለሆነ በዚህ ብቻ አይክሰሱ፤ የት መፈለግ እንዳለብዎት ብቻ ይጠቁምዎት። ከውጭ ቋንቋ ተተርጉሞ የተወሰደ ጽሑፍንም እንዲሁ በዓይን ነው የሚያገኙት። የአንቀጾቹ ቅደም ተከተል፣ ምሳሌዎቹና የተጠቀሱት ምንጮች ከዋናው ጋር በተመሳሳይ ሰልፍ ከሄዱ ትርጉም ነው።

ለኮሚቴ የሚቀርበው የ60 ገጽ ባለቀለም ሪፖርት አይደለም፤ ማንም አያነበውም። ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይሥሩ። በግራ የተማሪው ጽሑፍ ከነገጹ፣ በቀኝ ምንጩ ከነገጹ። በጣም ጠንካራ የሆኑ 5 ቦታዎች ከ40 ደካማ ቦታዎች ይበልጣሉ፤ ደካማዎቹ ተከሳሹ እየነቀሰ የሚያፈርሳቸው ናቸው።

የወርድ ፋይል ባሕርያት ውስጥ የደራሲው ስም፣ ፋይሉ የተፈጠረበት ቀንና ጠቅላላ የአርትዖት ደቂቃ ይገኛል። 4,000 ቃል ያለው ጽሑፍ 9 ደቂቃ ብቻ ተሠርቶበት ከተገኘ ጥያቄ ያስነሳል። ግን ተማሪው ስልኩ ላይ ወይም ጉግል ዶክስ ላይ ጽፎ መጨረሻ ላይ ገልብጦትም ሊሆን ይችላል፤ የደራሲው ስምም የተዋሰው ኮምፒውተር ባለቤት ሊሆን ይችላል። ሁለት ሥራዎች ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ (አይፒ) ገብተው ሲገኙም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በሞባይል ዳታ የሚገቡ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ አንድ አድራሻ ሊጋሩ ይችላሉ።

የተፈበረከ መረጃ ሲጠረጠር ጥሬውን ይጠይቁ፦ የተሞሉ መጠይቆች፣ የድምፅ ቅጂ፣ የላቦራቶሪ ደብተር። በእውነት የሰበሰበ ሰው ቢያንስ ዝብርቅርቁን ያመጣል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ የሚመስል ሥራ

እዚህ ላይ ያለን አቋም ግልጽ ነው፤ ጽሑፍ በማሽን መጻፍ አለመጻፉን እለያለሁ የሚል የመለያ ሶፍትዌር ውጤት ብቻውን ክስ አይሆንም። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በሐምሌ ወር 2023 እ.ኤ.አ. ከአገልግሎት አንስቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በ7 መለያዎች ሲፈትሹ፣ በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በማሽን የተጻፉ ተብለው በስሕተት ተፈርጀዋል። ምክንያቱ መለያዎቹ የሚፈልጉት ቀጥተኛና የሚገመት አጻጻፍ መሆኑ ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ተማሪ ደግሞ በተፈጥሮው እንዲያ ነው የሚጽፈው። ጽሑፉን ለቻትጂፒቲ ሰጥቶ «አንተ ነህ የጻፍከው?» ብሎ መጠየቅ ከዚህም የባሰ ነው፤ የማያውቀውን አዎ ሊልዎት ይችላል።

ታዲያ ምን ይያዝ? የሌለ ምንጭ። እያንዳንዱን ማጣቀሻ ይፈትሹ፦ የዲኦአይ ቁጥሩ (የጽሑፉ ቋሚ የኢንተርኔት መለያ) ይከፈታል? መጽሔቱ በዚያ ቅጽና ገጽ ምን አትሟል? በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለው ቃል እውነት በዚያ ገጽ ላይ አለ? ደራሲው አለ፣ መጽሔቱም አለ፣ ጽሑፉ ግን ተጽፎ አያውቅም፤ ይህ ሲሆን ጽሑፉን ማን እንደጻፈው ሳይከራከሩ «የሐሰት ምንጭ ማቅረብ» በሚለው አንቀጽ ብቻ መክሰስ ይችላሉ። በተግባር የሚጸናውም ክስ ይኸኛው ነው። ሌላው የረቂቅ ታሪክ ነው፤ ተማሪው የጉግል ዶክስ የለውጥ ታሪክን እንዲያሳይ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ነገሩን በ5 ደቂቃ ይቋጨዋል፣ ንጹሑንም ነጻ ያወጣዋል።

ጥያቄውን ገልብጦ ለማሽን የሚሰጥ ተማሪ እንዲያዝበት፣ በጥያቄው ውስጥ በነጭ ቀለም የተደበቀ የወጥመድ ትእዛዝ መጻፍ ተለምዷል። አንመክረውም። በስክሪን አንባቢ (ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ሶፍትዌር) የሚጠቀም ዓይነ ስውር ተማሪ እንደ እውነተኛ ትእዛዝ ይሰማዋል።

ተማሪውን ማነጋገር

ማስረጃው ተሰብስቦ ከተቀመጠ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይሆንም። ደንቡ መምህሩ ከተማሪው ጋር እንዳይነጋገር ከከለከለ ይህንን ደረጃ ይዝለሉት። ከፈቀደ ጥሪው በጽሑፍ ይሁን፤ የትኛው ሥራ እንደሆነና ምን እንዳሳሰበዎት ይግለጽ፤ አብሮት የሚገባ ሰው ማምጣት ይችል እንደሆነም ይንገር። ቢያንስ ሌላ አንድ ባልደረባ ቃለ ጉባኤ እየያዘ ይቀመጥ። 20 ደቂቃ ይበቃል።

ከሰፊው ጥያቄ ይጀምሩ። «ይህን ሥራ እንዴት እንደሠራሽው ከመጀመሪያው ንገሪኝ።» ቀጥሎ ወደ ውሳኔዎች፦ «ለምን ይህን ዘዴ መረጥሽ? ሌላኛውን ለምን ተውሽው?» «ይህን ምንጭ የት አገኘሽው? ክፈቺልኝ።» «ገጽ 7 ላይ ያለውን ይህን ቃል በራስሽ አባባል አስረጂኝ።» ልብ ይበሉ፤ የሚጠየቀው ለምን እንዳደረገች እንጂ ዝርዝር የማስታወስ ችሎታዋ አይደለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የራሷን ዓረፍተ ነገር የምትረሳ ተማሪ ብዙ ናት። ፍርሃት ያንተባትባል፤ ዝምታና እንባ ማስረጃ አይደሉም፣ ልበ ሙሉነትም ንጽሕናን አያሳይም። ማስረጃውን የሚያሳዩት ተማሪዋ ሙሉ መልስ ከሰጠች በኋላ ነው፤ ቀድመው ካሳዩ መልሱ በማስረጃው ልክ ይሰፋል።

«ካመንሽ እተውልሻለሁ» አይበሉ። ቃል የገቡትን መፈጸም አይችሉም፣ የተገኘውም ቃል ዋጋ አይኖረውም። የሌሎችን ስም እንድታወጣም አይደራደሩ። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ይነበብላት፤ የምታርመው ካለ ታርመውና ትፈርም። አልፈርምም ካለች ያው ይጻፍ።

ጥፋት ነው ወይስ አለማወቅ?

ምንጩን በዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶ ጽሑፉ ላይ ግን ትእምርተ ጥቅስ የዘነጋ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪና፣ ምንጩን ጭራሽ ደብቆ ቃላቱን እየቀያየረ ያቀረበ የመመረቂያ ጽሑፍ ባለቤት አንድ አይደሉም። የሚለያቸው ዋናው ነገር የመደበቅ ጥረት ነው፤ ቀጥሎ የተወሰደው መጠንና የትምህርት ደረጃው። የመጀመሪያው በእርማትና በዝቅተኛ ውጤት ያልቃል፤ ሁለተኛው ወደ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ይሄዳል። ሆኖም ብዙ ደንቦች ሐሳብ ባይኖርም የሰውን ጽሑፍ ያለ ምንጭ ማቅረብን ጥፋት አድርገው ይይዙታል፤ አለማወቁ የሚታየው ቅጣቱ ላይ ብቻ ነው።

ሪፖርቱና ኮሚቴው

ከላይ አንድ ገጽ ማጠቃለያ፣ ከሥር የተጣሰው አንቀጽ ቁጥር፣ ማስረጃው በቁጥር እየተለየ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የኮርሱ መመሪያና ተማሪው ደንቡን ያወቀበት ሰነድ። ውሳኔ እስኪሰጥ ግሬዱ ተይዞ ይቆይ፤ ሬጅስትራሩ ለዚህ ያለውን ምልክት ይጠቀሙ እንጂ «ኤፍ» አያስገቡ። ስለ ጉዳዩ በመምህራን ላውንጅም ሆነ በቴሌግራም ግሩፕ አይነገር።

ከሪፖርቱ በኋላ አማላጅ ይመጣል፤ ባልደረባ፣ ዘመድ፣ አንዳንዴም አለቃ። ሪፖርት ማድረግ ካሉት ጥቅሞች አንዱ እዚህ ላይ ነው፦ «ጉዳዩ ከእጄ ወጥቷል» ማለት ይችላሉ፣ እውነትም ነው። ዛቻ ከመጣ ቀኑንና ቃሉን መዝግበው ለኃላፊው በጽሑፍ ያሳውቁ።

ኮሚቴው ውስጥ ከሳሹ መምህር ያስረዳል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። ተማሪው ማስረጃውን በሙሉ ከስብሰባው ቀናት ቀድሞ ማየት አለበት፤ በዕለቱ የሚወጣ አዲስ ወረቀት ይግባኝ ይጋብዛል። ሁለቱ ጥያቄዎች ተለያይተው ይወሰኑ፦ መጀመሪያ ጥፋቱ ተፈጽሟል ወይ፣ ከዚያ ቅጣቱ ምን ይሁን። የተማሪው የቀድሞ ሪከርድ የሚከፈተው ሁለተኛው ላይ ሲደረስ ብቻ ነው። ውሳኔው ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ የይግባኝ ጊዜውና የሚቀርብበት ቦታ ይገለጽ። ኮሚቴው የቀድሞ ውሳኔዎቹን ያለ ስም በሠንጠረዥ ቢይዝ፣ ለአንድ ዓይነት ጥፋት አንዱን አስጠንቅቆ ሌላውን ከማገድ ይድናል።

ከውሳኔው በኋላ

ተማሪው ነጻ ከተባለ ሥራው መታረም አለበት፤ አራሚው ግን እርስዎ ባይሆኑ ይሻላል። ስሙ ተሸፍኖ ለሌላ መምህር ይሰጥ። ጥፋተኛ ከተባለም በኮርሱ ውስጥ የሚቀሩ ፈተናዎቹን በዚሁ መንገድ ማሳረም ከበቀል ሐሜት ያድናል።

ቀጥሎ የሚቀየረው ምዘናው ነው። ለዓመታት ሳይቀየር የመጣ ፈተና መልሱ ከፈተናው በፊት ይዞራል፤ ቢያንስ ቁጥሮቹንና የጥያቄውን መነሻ ሁኔታ ይለውጡ። ረጅም ጽሑፍ ከሆነ በአንድ ጊዜ አይቀበሉ። በ4ኛው ሳምንት ርእስና ሦስት ምንጭ፣ በ8ኛው ረቂቅ፣ በ12ኛው የመጨረሻው ሥራ ይግባ፤ በመጨረሻም ከ100 ነጥቡ 20 ያህሉ ለ10 ደቂቃ የቃል ማብራሪያ ይመደብ። ክፍሉ ትልቅ ሆኖ ሁሉንም ማነጋገር ካልተቻለ፣ ማን እንደሚጠራ ቀድሞ ሳይታወቅ በዕጣ የተመረጡ 10 ተማሪዎችን ብቻ ማነጋገር ይቻላል። በዚህ ጊዜ ማብራሪያው ነጥብ አይያዝበት፤ ያለበለዚያ ዕጣ የወጣለት ብቻ በሌላ ሚዛን ይለካል።